በእኛ ስም የሚሸጡ ክለቦች



የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

በሰፈራችን አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ረጅም አግዳሚ ነው፤ በሩ ላይ የዕለቱ ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው በጠመኔ የሚጻፉበት ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ኤፕሪል 19 ቀን 2021፣ ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሊድስ ከሊቨርፑል ይጫወቱ ነበር። በዋዜማው ሌሊት አሥራ ሁለት የአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች ሱፐር ሊግ የሚባል የራሳቸውን ውድድር ማቋቋማቸውን አስታውቀዋል። ስድስቱ የእንግሊዝ ናቸው፦ አርሰናል፣ ቼልሲ፣ ሊቨርፑል፣ ማንቸስተር ሲቲ፣ ማንቸስተር ዩናይትድና ቶተንሃም። መሥራቾቹ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ከቦታቸው የማይነቃነቁበት፣ ሌላው በብቃቱ ቢመጣ በሩ የሚጠብበት ውድድር ነበር። በቴሌቪዥኑ የሊድስ ተጫዋቾች ሲያሟሙቁ ይታያሉ፤ የለበሱት ቲሸርት ላይ እግር ኳስ ለደጋፊ መሆኑ ተጽፏል።

አጠገቤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው ጡረተኛ ሰው ተቀምጠዋል። ያን ማታ አርሰናል አይጫወትም፤ እሳቸው ግን ቀዩን ስካርፍ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው መጥተዋል።

«ለመሆኑ ክለባችንን ሲሸጡት ማን ጠየቀን?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁ። «ጋሼ፣ መቼ ገዙትና?» አላቸው አንዱ።

ጋሼ አልሳቁም። «ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜዬን ለማን ነበር የምሰጠው ታዲያ?» አሉት።

ዛሬ የመጣሁት ይህን የጋሼን ጥያቄ ይዤ ነው። ወጣቱ በሕግ ትክክል ነው። እኔ ግን ጋሼም ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በቋንቋችን «ባለቤት» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። የመኪና ባለቤት ስንል ሊብሬው በስሙ የሆነለትን፣ የቤት ባለቤት ስንል ካርታው በስሙ የወጣለትን ሰው ማለታችን ነው። «ባለቤቴ» ስንል ግን ትዳራችንን ነው የምንጠራው፤ እዚያ ላይ ማንም ማንንም አልገዛም፣ አብሮ ኖረ እንጂ። የእግር ኳስ ክለብ ሁለቱም ዓይነት ባለቤት አለው። አንደኛው በኩባንያዎች መዝገብ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው አባቱ እጁን ይዞ ያመጣው፣ ልጁን ይዞ የሚመጣ፣ ቡድኑ ሲወርድ አብሮ የሚወርድ ሰው ነው። ሕጉ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ለሁለተኛው ስም እንኳ አላወጣለትም። በዚህ ክፍተት ውስጥ ምን እንደሚሆን በደንብ የሚያሳይ ታሪክ በደቡብ ለንደን አለና እሱ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ልውሰድ።

ዊምብልደን የተመሠረተው በ1889 ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የሰፈር ቡድን ነበር፤ ፕላው ሌን የሚባል ጠባብ ሜዳ ላይ ይጫወታል፣ ተመልካቹ በጥቂት ሺህ ይቆጠራል። በ1977 ወደ እንግሊዝ ሊግ ገባ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከታችኛው ዲቪዚዮን ተነሥቶ ከፍተኛው ላይ ወጣ። በ1988 በዌምብሊ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ የዘመኑ ኃያል ከነበረው ሊቨርፑል ጋር ተገናኘ። ሎሪ ሳንቼዝ በጭንቅላቱ አንድ አገባ። በረኛው ዴቭ ቢዛንት የጆን አልድሪጅን ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ፤ በዌምብሊ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ፍፁም ቅጣት ምት ሲድን ያ የመጀመሪያው ነበር። ዊምብልደን ዋንጫውን ይዞ ወደ ሰፈሩ ገባ።

በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ የሊቨርፑል ደጋፊዎች አለቁ፤ ዛሬ የሟቾቹ ቁጥር 97 ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ትልልቅ ክለቦች በስታዲየሞቻቸው ሁሉም ተመልካች በወንበር እንዲቀመጥ እንዲያደርጉ ታዘዙ። ትንሹ ፕላው ሌን ለዚህ አይበቃም ተባለና ቡድኑ በ1991 የክሪስታል ፓላስን ሰልኸርስት ፓርክ ተከራየ። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር። ቤቱን ለጊዜው ትቶ ለኪራይ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ምን እንደሚገጥመው ታውቃላችሁ። የክለቡ ባለቤት የነበረው ሊባኖሳዊው ሳም ሃማም ሜዳውን ለሱፐርማርኬት ድርጅት ሸጠው። ክለቡን ደግሞ በ1997 ለሁለት የኖርዌይ ባለሀብቶች አስተላለፈው።

በኦገስት 2001 የክለቡ ሊቀመንበር ቡድኑ ከለንደን ወጥቶ ሚልተን ኪንስ ወደምትባል ከተማ እንደሚሄድ አስታወቀ። ሚልተን ኪንስ ከለንደን በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት። ከተማዋ የሊግ ቡድን አልነበራትም፤ ዊምብልደን ደግሞ ሜዳ አልነበረውም። በሒሳብ ሰነድ ላይ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ያምራሉ። ደጋፊዎቹ ተቃወሙ፣ ሰልፍ ወጡ፣ የራሳቸውን ቡድን ጨዋታ አንገባም ብለው ከበር ውጭ ቆሙ። ጉዳዩ ለሦስት ሰዎች ኮሚሽን ተመራ፤ ኮሚሽኑም ሜይ 28 ቀን 2002 በሁለት ድምፅ በአንድ ተቃውሞ ይሂድ ብሎ ወሰነ።

ያን ውሳኔ የሰሙት ሰዎች ቤት ውስጥ የነበረውን ድባብ አስቡት። ሞት ከሆነ ድንኳን ይጣላል፣ ሰው ይመጣል፣ ይለቀሳል። እዚህ ግን አስከሬን የለም። ቡድኑ በሕይወት አለ፤ ስሙ፣ ማሊያው፣ የ1988ቱ ዋንጫ ጭምር ጭነት ሆኖ ሌላ ከተማ ሊሄድ ነው።

ደጋፊዎቹ ግን በቀናት ውስጥ ተሰብስበው ክለቡን ራሳቸው እንደገና ለማቋቋም ወሰኑ። ኤኤፍሲ ዊምብልደን አሉት። ተጫዋች አልነበራቸውም። ጁን 29 ላይ ዊምብልደን ኮመን በሚባለው ክፍት መስክ ለመጫወት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ ብለው ጠሩ፤ 230 ሰው ገደማ መጣ። ሰው ውሻውን ይዞ በሚንሸራሸርበት ሣር ላይ ኳስ እያንከባለሉ ቡድን መረጡ። ጁላይ 10 ላይ የመጀመሪያውን የወዳጅነት ጨዋታ ከሰተን ዩናይትድ ጋር አደረጉ። 4 ለ 0 ተሸነፉ። ሊያያቸው የመጣው ሰው 4,657 ነበር። የተመደቡት በእንግሊዝ የሊግ መሰላል ዘጠነኛው እርከን ላይ ነው፤ የፖስታ ሠራተኛና መምህር ከሥራ ወጥቶ የሚጫወትበት ደረጃ።

ቀጥሎ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከ2003 መጀመሪያ እስከ 2004 መጨረሻ በሊግ 78 ጨዋታ ሳይሸነፉ ሄዱ። በ2011 ሉተንን በመለያ ምት አሸንፈው ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ተመለሱ። የተወሰደባቸው ቡድን ሚልተን ኪንስ ዶንስ ተብሎ ስሙ ተቀይሮ ነበር፤ በ2016 ከእሱ ጋር አንድ ዲቪዚዮን ውስጥ ገቡ፤ በ2018 ደግሞ ሚልተን ኪንስ ሲወርድ እነሱ ከላይ ቀሩ። ከዚያ በፊት በ2007 የድሮው ክለብ ዋንጫዎችና ቅርሶች ለሰፈሩ አስተዳደር ለመርተን ተመልሰዋል።

እኔን ከውጤቱ ይልቅ የሚገርመኝ አወቃቀሩ ነው። የክለቡ አብላጫ ድርሻ የደጋፊዎች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ዶንስ ትረስት ይባላል። ሺህ ፓውንድ ያዋጣም መዋጮውን ብቻ የከፈለም አንድ አንድ ድምፅ አለው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም፣ ዕድር ታውቃላችሁና። በዕድር ሰብሳቢው ነጋዴ፣ አባሉ ዘበኛ ሊሆን ይችላል፤ እጅ ሲወጣ ግን የሚቆጠረው እጅ ነው። ድንኳኑንና ድስቱን ማንም ባለጸጋ ተነሥቶ ልግዛው አይልም፣ ቢልም የሚሸጥለት የለም። በሰፈራችሁ የዕድር ዕቃ የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ጥያቄው ራሱ አይገባውም፤ የዕድሩ ነዋ!

ዊምብልደኖች ይህን ለመጠበቅ ዋጋ ከፍለዋል። ወደ ድሮው ሰፈራቸው ለመመለስ ስታዲየም ሲሠሩ ገንዘቡ አጠረ፤ ከውጭ ባለሀብት ገብቶ ይዘዘው የሚል ፈተና መጣ። እነሱ ቦንድ አውጥተው ከደጋፊውና ከወዳጅ ከአምስት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰበሰቡ፤ የውሳኔው ሥልጣን እጃቸው ላይ ቀረ። ኖቬምበር 3 ቀን 2020 አዲሱ ስታዲየም ከድሮው ሜዳ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ በዚያው ፕላው ሌን ላይ ተከፈተ። ወቅቱ ኮሮና ነበርና 29 ዓመት የጠበቁት ሰዎች መግባት አልተፈቀደላቸውም፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ባዶ ወንበር ፊት ተደረገ።

የእንግሊዝ ደጋፊዎች ሚልተን ኪንስን ለማንቋሸሽ ያወጡለት ስም «ፍራንቻይዝ» የሚል ነው። ቃሉ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ የስፖርት ቡድን እንደ ሱቅ ቅርንጫፍ ነው፤ ፈቃዱን የያዘው ሰው ቢከፋው ወይም ሌላ ከተማ የተሻለ ስታዲየም ቢያቀርብለት ጠቅልሎ ይሄዳል። በማርች 1984 የባልቲሞር ኮልትስ ባለቤት ሌሊት የጭነት መኪናዎች አስመጥቶ የቡድኑን ዕቃ ጫነና ወደ ኢንዲያናፖሊስ አሻገረ። ሕዝቡ ጠዋት ሲነቃ ቡድን የለም። ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል። ቡድኑ የሙዚቃ ጓድ ነበረው፤ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የጓዱ የደንብ ልብስ በዚያ ሌሊት እጥበት ቤት ስለነበር ከመጫን ተረፈ። ሰዎቹ ልብሱን ደበቁት፤ ከዚያም ቡድን በሌለበት ከተማ ዓመት ከዓመት ይለማመዱ ነበር። በሌሎች ከተሞች የሌሎች ቡድኖች ጨዋታ ዕረፍት ላይ እየሄዱ ተጫወቱ። ባልቲሞር እንደገና ቡድን ያገኘችው በ1996 ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። ያ ቡድን ደግሞ ከክሊቭላንድ የተነቀለ ነበር፤ የአንዱ ከተማ ደስታ የሌላው ሐዘን ሆነ። ክሊቭላንዶች ቢያንስ ተሟግተው የቡድናቸውን ስም፣ ቀለምና ታሪክ አስቀርተዋል፤ በ1999 በዚያው ስም አዲስ ቡድን አቋቋሙ።

ይህን ያነሣሁት ጋሼ ወደሚደግፉት ክለብ ስለሚያደርሰን ነው። የአርሰናል ባለቤት አሜሪካዊው ስታን ክሮንኬ ነው። በ2016 ራምስ የተባለውን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከሴንት ሉዊስ ወደ ሎስ አንጀለስ ያዛወረው እሱ ነው። ከተማዋ ከስሳ በ2021 በ790 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተቋጨ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ቡድኑ ግን አልተመለሰም።

አርሰናልን በሙሉ የያዘው በ2018 ነው። እስከዚያ ድረስ ክለቡ ጥቂት አክሲዮን የያዙ ተራ ደጋፊዎች ነበሩት። አንዳንዱ አንዲት አክሲዮን ከአያቱ ወርሷል። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ደጋፊዎች በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ የአክሲዮን ቁራጭ የሚገዙበት ዕቅድ ነበር፤ ዕቁብ የሚመስል ነገር። ያቺ ወረቀት ትርፍ አታስገኝም። የምታስገኘው በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ተነሥቶ የቦርዱን ሊቀመንበር መጠየቅ ነው። ክሮንኬ የሌላውን ባለሀብት የኡስማኖቭን 30 ከመቶ ከገዛ በኋላ ሕጉ የቀሩትን አክሲዮኖች በግድ እንዲወስድ ፈቀደለት። ለአንድ አክሲዮን ከ29 ሺህ ፓውንድ በላይ ተከፈለ። ብዙ ገንዘብ ነው። አያቱ ያወረሰውን ወረቀት አልሸጥም ያለ ሰው ግን አልሸጥም ማለት አልቻለም፤ ጉባኤውም አብሮ ቀረ።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን ግን አንድ እውነት ልጨምር። አርሰናል ራሱ የተሰደደ ክለብ ነው። በ1886 በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የተቋቋመ ነው፤ መድፈኞቹ የምንላቸውም ከዚያ የተነሣ ነው። በ1913 ባለቤቱ ሄንሪ ኖሪስ ከቴምዝ ወንዝ ደቡብ ነቅሎ ሰሜን ለንደን፣ ሃይበሪ ላይ ተከለው። የዉልዊች ሰው ምን ተሰምቶት ይሆን? ዛሬ ማንም አያስታውሰውም። ጊዜ ቁስልን ያሽራል የሚሉ የክለብ ባለቤቶች በዚህ ላይ ይተማመናሉ።

ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ ብዙ አልልም፤ ታሪኩን ከእኔ በላይ የምታውቁት እዚህ አላችሁ። በ2005 የግሌዘር ቤተሰብ 790 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አውጥቶ ክለቡን ሲገዛ አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር፤ የብድሩም ትልቅ ክፍል የተጫነው ዕዳ ባልነበረበት ክለብ ላይ ነው። ላሚቱን በብድር ገዝቶ ዕዳውን ከወተቷ የሚከፍል ሰው አስቡ። ሃያ ዓመት ታለበች። የስታዲየሙ ጣሪያ ሲያፈስ ያያችሁት ጊዜ ይኖራል። ጥቂት ደጋፊዎች በዚያው ዓመት ወጥተው ኤፍሲ ዩናይትድ የሚባል የራሳቸውን ክለብ አቋቋሙ። የቀሩት በ2010 አረንጓዴና ቢጫ ስካርፍ ለበሱ፤ በ1878 የባቡር ሠራተኞች ክለቡን ኒውተን ሂዝ ብለው ሲመሠርቱ የነበረው ቀለም ነው። ቀዩን ማሊያ ብትገዛ ገንዘቡ ለባለቤቱ ይሄዳል፤ አረንጓዴና ቢጫው ግን የማንም አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ።

ሱፐር ሊግ በተወጠነበት ሰሞን ከዕቅዱ ሰዎች ዘንድ የወጣ አንድ አነጋገር የእንግሊዝ ጋዜጦችን አስቆጥቶ ነበር። በየሳምንቱ ስታዲየም የሚገባውን ሰው «የውርስ ደጋፊ» አሉት፤ ከድሮ የተረፈ ለማለት። እነሱ የሚፈልጉት «የወደፊቱን ደጋፊ» ነው። ይህ የወደፊቱ ደጋፊ ማን ነው? ከለንደን ርቆ የሚኖር፣ ትልልቅ ስሞች ሲፋለሙ በስክሪን ማየት የሚፈልግ፣ ሰፈርና ታሪክ የማይገደው ሰው ነው። ወገኖቼ፣ ይህ እኛ ነን። ዱባይና ሪያድ ከሥራ ወጥቶ በስልኩ የሚያየው ወንድማችን፣ ዋሽንግተን ሬስቶራንት ውስጥ በጠዋት ተሰብስቦ የሚጮኸው ዘመዳችን፣ በቆርቆሮ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ጋሼ። በክለቦቹ ሰፈር፣ በእዝሊንግተንና በሳልፎርድ፣ የሚኖረው ሰው ወደ ጎን የተገፋው በእኛ ስም ነው። እኛ ጥቅሙን እንደምንፈልግ ተቆጥሮ፣ ሳንጠየቅ።

በዚህ ላይ ነው ዝም ማለት የሌለብን። የርቀት ደጋፊ ምን እንደሚወድ ያልተረዱት እነሱ ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ጨዋታ ስመለከት ሳልረዳው ይማርከኝ የነበረው ድምፁ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚመጣው ዝማሬ፣ ኳስ ወደ ማዕዘን ስትሄድ የሚነሣው ጉምጉምታ፣ ከመግባቷ በፊት ያለው የትንፋሽ መያዝ። ቋንቋውን አላውቅም። አንድ ሙሉ ሰፈር አንድ ነገር እያለ እንደነበር ግን አውቃለሁ። በ2020 ስታዲየሞች በኮሮና ሲዘጉ ይህ በሙከራ ተረጋገጠ። ተጫዋቾቹ እነዚያው፣ ኳሷ ያቺው፣ ሜዳው ያው ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ግን የተቀዳ የሕዝብ ድምፅ ማስገባት ግድ ሆነባቸው፤ ያለዚያ የሚታይ አልነበረም። የሚሸጠው ዕቃ ግማሹ ከደጋፊው ጉሮሮ የሚወጣ ነው ማለት ነው። ደጋፊው ግን ለሚያመርተው ዕቃ ትኬት ከፍሎ ይገባል።

ስለዚህ የስታዲየሙ ጎረቤትና የመርካቶው ተመልካች ጠላቶች ናቸው የሚለው ሐሳብ ሐሰት ነው። ያ ሰው ከተነቀለ እኛ የምናየው ነገር ይጠፋል።

ሱፐር ሊግ ሁለት ቀን ነው የቆየው። ማክሰኞ ኤፕሪል 20 ማታ የቼልሲ ደጋፊዎች ስታምፎርድ ብሪጅ በር ላይ መንገዱን ዘጉ። የድሮው በረኛ ፒተር ቼክ፣ ያኔ የክለቡ አማካሪ፣ ወጥቶ አውቶቡሱን አሳልፉት፣ ጊዜ ስጡን እያለ ሲለምናቸው በቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ሌሊት ስድስቱም የእንግሊዝ ክለቦች ወጡ። ከዚያ የመጣው ግፊት ጥናት፣ ጥናቱ ረቂቅ፣ ረቂቁ በጁላይ 2025 ሕግ ሆነ፤ ለእንግሊዝ እግር ኳስ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የክለብን አርማና ቀለም መቀየር፣ ስታዲየም መሸጥ እንደ ድሮው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። የካርዲፍ ሰው ይህ ሕግ በ2012 ቢኖር ኖሮ ይላል፤ ያኔ ማሌዥያዊው ባለቤት ሰማያዊውን ቡድን ቀይ አልብሶት ነበር፤ በ2015 ነው ወደ ሰማያዊ የተመለሰው።

ጀርመኖች ቀድመው አስበውበታል። ከ1998 ጀምሮ ባለው ደንባቸው የክለቡ አባላት ከድምፁ ግማሹንና አንድ ተጨማሪ ድምፅ መያዝ አለባቸው፤ ሃምሳ ሲደመር አንድ የሚሉት ነው። ደንቡ ቀዳዳ አለው፤ ላይፕሲግ ላይ የመጠጥ ኩባንያ አባልነትን ለጥቂት ሰዎች ብቻ አድርጎ አልፎታል። ቢሆንም ደጋፊው ጉልበቱን አላጣም። በ2024 መጀመሪያ ሊጉ የቴሌቪዥን ገቢውን ድርሻ ለውጭ ባለሀብት ሊሸጥ ሲነሣ ደጋፊዎች ቴኒስ ኳስ ወደ ሜዳ እየወረወሩ ጨዋታ አቋረጡ፤ በፌብሩዋሪ ሽያጩ ተተወ።

ደጋፊ ሁልጊዜ ብልህ ነው አልልም። በ2021 ኒውካስል በሳዑዲ መንግሥት ፈንድ ሲገዛ ሺዎች ስታዲየሙ በር ላይ ጨፍረዋል፤ አሥራ አራት ዓመት ከጠሉት ባለቤት ተገላግለው ነበርና ገዢው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ፖርትስመዝን ደግሞ ተመልከቱ። በ2008 ናይጄሪያዊው ካኑ ባገባት ጎል የኤፍኤ ካፕን ያነሣ፣ በባለቤቶች ብዛት ሁለት ጊዜ የከሰረ ክለብ ነው። በ2013 ደጋፊዎቹ ገዝተው አዳኑት። በ2017 እነዚያው ደጋፊዎች በድምፅ ብልጫ ለማይክል አይስነር ሸጡት፤ ዲዝኒን ለሃያ ዓመት የመራው ሰው ነው። ስታዲየሙ ጥገና ይፈልግ ነበር፣ ገንዘብ አልነበራቸውም። እኔ አልፈርድባቸውም። ተጠይቀዋል፣ መርጠዋል፤ ይህን ከአርሰናል አክሲዮን ወራሾች ጋር አስተያዩት።

በአገራችን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። አብዛኛው የፕሪሚየር ሊግ ክለብ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በጀት ሲቆረጥ ቡድን ይፈርሳል፣ ደጋፊው በዜና ይሰማል። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና ሲጋጠሙ ስታዲየሙን የሚሞላው ሰው ደጋፊ ማኅበር አለው፣ መታወቂያ አለው፣ መዋጮ ይከፍላል። ስንቱ በክለቡ ስም፣ በአርማው ወይም በሜዳው ጉዳይ ድምፅ አለው? ይህን ጥያቄ ለማንሣት ክለቡ እስኪሸጥ መጠበቅ የለብንም፤ ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ ደንብ መጻፍ አያቅተውም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሱፐር ሊግ በፈረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ኤፕሪል 23፣ አርሰናል ከኤቨርተን ይጫወት ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር በሺዎች የሚቆጠሩ ደጋፊዎች ከኤሚሬትስ ውጭ ተሰብስበው ክሮንኬ ውጣ ይሉ ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሰው ያለው ውጭ ነው። ጋሼ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አደረጉ። «ስማ፣» አሉ አጠገባቸው ላለው ወጣት፣ ሰኞ ለሳቀው፣ «ይሄ የተቀዳ አይደለም።»

አርሰናል በገዛ በረኛው ስሕተት 1 ለ 0 ተሸነፈ። ጋሼ ስካርፋቸውን ፈትተው በአራት አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። በሩ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳውን የሚያጠፋውን ልጅ አስቆሙት።

«የሐሙሱ በስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ሰዓት፣ ጋሼ።»

«ቦታ ያዝልኝ» አሉትና ወጡ።